የሞምባሳው የኢየሱስ ምሽግ

ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤታችን ሲዘጋ፣ በናይሮቢ ከተማ የሚኖረው አጎቴ አባቴን አስፈቅዶ አንድ ወር ከእርሱ ዘንድ እንድቀመጥ ወሰደኝ። አጎቴ በዚያ ከተማ አነስተኛ የኢትዮጵያ ምግብ ቤት አለው። ሥራውን ትቶ እንግዳ ለማዞር ጊዜ የሌለው ሰው ነው፤ ነገር ግን «ባሕር ሳታይ ወደ አገርህ አትመለስም» ብሎ ምግብ ቤቱን ለሦስት ቀን ለባለቤቱ አደራ ሰጥቶ ወደ ሞምባሳ ይዞኝ ሄደ። እኔም እስከዚያ ቀን ድረስ ከጣና ሐይቅ የሚበልጥ ውኃ አይቼ አላውቅም ነበረ። የታሪክ አስተማሪያችን ለዚህ የበዓል መጽሔት አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ ባዘዙኝ ጊዜ ብዙ ሳላመነታ ይህን ጉዞ መረጥሁ። በጽሑፌ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲያውቁልኝ እለምናለሁ።

ከናይሮቢ እስከ ሞምባሳ የተጓዝነው ቻይናዎች ሠርተውት በ2017 በተከፈተው የባቡር መንገድ ነው። እንግሊዞች በ1896 ከሞምባሳ መሥራት የዠመሩት አሮጌው ሐዲድ በአንዳንድ ስፍራ ከአዲሱ ጎን ለጎን ይታያል። በጻቮ ሜዳ ላይ ምድሩ እንደ በርበሬ የቀላ ሲሆን፣ በዚያው አፈር የቀሉ ዝሆኖች ከባቡሩ መስኮት አየን። ስለ መንገዱ ከዚህ የበለጠ አልናገርም፤ ዓላማዬ ምሽጉ ነውና።

ሞምባሳ በደሴት ላይ የተሠራች ከተማ ናት። ስንደርስ መሽቶ ስለ ነበረ፣ አጎቴ የእንግዳ ማረፊያውን ዘበኛ ምሽጉ ጧት በስንት ሰዓት እንደሚከፈት በስዋሂሊ ጠየቀው። ዘበኛውም «ሳ ምቢሊ» አለ። አጎቴ ወደ እኔ ዞሮ «በሁለት ሰዓት ነው» አለኝ። እኔ የውጭ አገር ሰዓት መስሎኝ ግራ ቢገባኝ፣ አጎቴ ሣቀና «የለም፣ የእኛው ሁለት ሰዓት ነው፤ እነዚህ ሰዎችም እንደ እኛ ሰዓቱን ከፀሐይ መውጣት ነው የሚቈጥሩት» ብሎ አስረዳኝ። በባዕድ አገር ሰዓቴ ከሰው ሰዓት ጋር መግጠሙ ምን ያህል እንዳስደሰተኝ ለመግለጽ ያስቸግረኛል። እኛ ሳህን የምንለውን እነርሱ ሳሃኒ እንደሚሉትም በዚያው ምሽት በእራት ገበታ ላይ ተማርሁ።

በማግሥቱ ጧት በአሮጌው ከተማ ጠባብ መንገዶች አልፈን ወደ ምሽጉ ሄድን። ምሽጉ ከወደቡ መግቢያ አጠገብ፣ ወደ ባሕር ብቅ ባለ ዐለት ላይ ቆሟል። ዐለቱ ኮራል የሚባለው፣ ከጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት ቅሪት የተጠራቀመ ድንጋይ ነው። የምሽጉ ግንብም ከዚያው ድንጋይ በኖራ የተሠራ ስለ ሆነ፣ ዐለቱ የት ላይ አብቅቶ የሰው ሥራ የት ላይ እንደ ተዠመረ በአንዳንድ ስፍራ ለመለየት አይቻልም። እጄን በግንቡ ላይ ባሳርፈው እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ የበዛበት ሆኖ አገኘሁት። አጎቴ እንደዚህ ያለ ድንጋይ የመድፍ ጥይት ሲመታው ቶሎ አይሰነጠቅም፣ ጥይቱን ይውጠዋል የሚባል ነገር መስማቱን ነገረኝ።

ይህን ምሽግ ያሠሩት ፖርቱጋሎች ናቸው። በ1593 ተዠምሮ በ1596 ለመኖሪያ በቃ። ንድፉን ያወጣው ጆቫኒ ባቲስታ ካይራቲ የሚባል፣ በሚላኖ የተወለደና በህንድ ለነበሩት ፖርቱጋሎች የሚያገለግል መሐንዲስ ነው። ከላይ ሆኖ ለሚያየው ምሽጉ በጀርባው የተኛ ሰው ይመስላል፤ ራሱ ወደ ባሕር ነው፤ አራቱ የማዕዘን ግንቦችም እንደ እጅና እንደ እግር ተዘርግተዋል። የዚያን ጊዜ የኢጣሊያ ሊቃውንት የሰው አካል ልክ የሥራ ሁሉ ልክ ነው ብለው ያምኑ ነበረ ይባላል። እኔ ግን ያደነቅሁት ምስሉን ሳይሆን ጥቅሙን ነው። በአንደኛው የማዕዘን ግንብ ላይ ወጥቼ ስመለከት፣ ከዚያ ሆኖ የሚተኩስ ሰው በጎረቤቱ ግንብ ግርጌ የተሸሸገውን ጠላት ለማየት ይችላል፤ ጎረቤቱም እንዲሁ ለእርሱ ያደርግለታል። በዚህ ዐይነት ሌላው የማያየው የግንብ እግር የለም ማለት ነው። ከውጭም ዙሪያውን ዐለቱ ተፈልፍሎ የተቆፈረ ጥልቅ ቦይ አለ።

ትምህርት ቤታችን ወደ ጎንደር በወሰደን ጊዜ የዐፄ ፋሲልን ግንብ አይቼዋለሁ። ጎንደር የተቆረቆረችው በ1636 ስለ ሆነ፣ ሁለቱ ሕንፃዎች በአርባ ዓመት ያህል ብቻ የሚለያዩ ናቸው። ይሁን እንጂ የዐፄ ፋሲል ግንብ ወደ ሰማይ ያቀና፣ ንጉሥ ወጥቶ አገሩን የሚያይበት ቤት ሲሆን፣ የሞምባሳው ግን መሬት ላይ የተኛ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ የሚጠብቅ ነው። አንደኛው በገዛ አገሩ የኖረ ሰው ሥራ ነው፤ ሁለተኛው በሰው አገር የፈራ ሰው ሥራ ነው።

ፖርቱጋሎች የሚፈሩበት ምክንያት ነበራቸው። ቫስኮ ዳ ጋማ ወደ ህንድ ሲሄድ በሚያዝያ ወር 1498 ሞምባሳ በደረሰ ጊዜ ከከተማው ሰዎች ጋር ሳይስማማ ቀርቶ ወደ ማሊንዲ አለፈ፤ በማሊንዲም በደስታ ተቀበሉት፤ ባሕሩን የሚያሻግረው መሪም ከዚያ አገኘ። ከዚያ በኋላ ፖርቱጋሎች በ1505 ሞምባሳን ወግተው ዘረፉ፤ አቃጠሉም። በ1528 ደግሞ ተመልሰው ያንኑ አደረጉ። የከተማው ሰዎች በየጊዜው ቤታቸውን እንደገና ይሠሩ ነበረ። በመጨረሻም ሚር ዓሊ ቤይ የሚባል የቱርክ የባሕር አዛዥ ከቀይ ባሕር መጥቶ የባሕሩ ዳር ከተሞች ከእርሱ ጋር እንዲያብሩ ባደረገ ጊዜ፣ ፖርቱጋሎች በ1589 ከጎዋ መርከቦች ልከው በሞምባሳ ማረኩት። ከዚህ በኋላ ነው ምሽግ ሳይኖር ወደቡን መጠበቅ እንደማይቻል የተረዱት። እነዚሁ ቱርኮች በ1557 ምጽዋን የያዙብን መሆናቸውን ለትምህርት ቤታችን ተማሪዎች ማስታወስ አያስፈልግም። እንዲሁም በ1541 አራት መቶ ያህል ወታደሮች ይዞ በምጽዋ ወርዶ፣ በማግሥቱ ዓመት በአገራችን የሞተው ክሪስቶቫው ዳ ጋማ የዚያ የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ነው። እኛ ፖርቱጋሎችን በአንድ በር ስናውቃቸው ሞምባሳዎች በሌላ በር አወቋቸው። በእኛ በር ለእርዳታ ተጠርተው ነበረ የመጡት፤ በዚያኛው በር ግን ማንም የጠራቸው አልነበረም።

ምሽጉን ሲሠሩ የማሊንዲ ንጉሥ ወዳጃቸው ስለ ነበረ የሞምባሳን ዙፋን ለእርሱ ሰጡት። ወዳጅነቱ ግን አልቆየም። ልጁ ሐሰን በነገሠ ጊዜ ከምሽጉ አዛዥ ጋር ተጣላና ወደ መሬቱ ወገን፣ ራባይ ወደሚባለው ስፍራ ሸሸ። በ1614 በዚያ ተገደለ፤ ገዳዮቹም ከፖርቱጋሎች ገንዘብ የተቀበሉ ነበሩ። ሐሰን ዩሱፍ የሚባል ሕፃን ልጅ ነበረው። ፖርቱጋሎች ይህን ሕፃን ወደ ጎዋ ወስደው ለአውግስጢኖስ ማኅበር መነኮሳት እንዲያሳድጉት ሰጡት። በዚያም ተጠመቀ፤ ዶን ጀሮኒሞ ተባለ፤ ቋንቋቸውን ተማረ፤ በመርከቦቻቸውም ላይ በውትድርና አገለገለ። በ1626 የአባቱን ዙፋን ይዞ ወደ ሞምባሳ ሲመለስ ገና ወጣት ነበረ።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ጥቂት መናገር አለብኝ። እኔ በሰባት ዓመቴ ነው ወደ ሚስዮን ትምህርት ቤት የገባሁት። አባቴ ትምህርቱን ፈልጎ ሲያስገባኝ አያቴ ግን አልወደደችም ነበረ። «ፊደሉን ያስተምሩት፤ ልቡን ግን ለማን ነው የሚሰጡት?» ብላ ከአባቴ ጋር መከራከሯን አስታውሳለሁ። በየክረምቱ ወደ ቤት ስመለስ፣ ጸሎት ሳደርስ እንዴት እንደማማትብ ዓይኗን ከእኔ ላይ ሳትነቅል ትመለከት ነበረ። መምህሮቼ ደግ ሰዎች ናቸው፤ ያስተማሩኝንም አልክድም። ነገር ግን ከአንድ ቤት ወደ ሌላ ቤት የሚመላለስ ልጅ በሁለቱም ዘንድ እየተመረመረ እንደሚኖር አውቃለሁ። ስለዚህ የምሽጉ አስጐብኚ ስለ ዩሱፍ መናገር ሲዠምር፣ ከጎብኚዎቹ ሁሉ ፊት ቆሜ አደመጥሁት።

ዩሱፍ ንጉሥ ተባለ እንጂ ኃይል ሁሉ የምሽጉ አዛዥ ነበረ። አዛዡ ይንቀው ነበረ። የከተማው ሰዎችም በበኩላቸው ሃይማኖቱን የለወጠ ብለው አላመኑትም። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሌሊት ወደ አባቱ መቃብር እየሄደ እንደ እስላም ሥርዐት ሲጸልይ ታየ፤ ይህም ለአዛዡ ተነገረ። ለዚህ ወንጀል የሚጠብቀው ወደ ጎዋ ተልኮ በሃይማኖት ፍርድ ሸንጎ ፊት መቆም ነበረ። ዩሱፍ ይህን በሰማ ጊዜ፣ ኦገስት 16 ቀን 1631 ለጉብኝት የመጣ መስሎ ከሰዎቹ ጋር ወደ ምሽጉ ገባና አዛዡን ፔድሮ ሌይታው ደ ጋምቦዋን በሰይፍ ገደለው። ከዚያም በከተማው የነበሩት ክርስቲያኖች እንዲሰልሙ ታዘዙ፤ እምቢ ያሉትም ተገደሉ። ቁጥራቸው መቶ ኀምሳ ያህል ሲሆን ሴቶችና ሕፃናት ይገኙባቸዋል።

አስጐብኚው ይህን ሲጨርስ ዩሱፍን የነፃነት ጀግና ብሎ ጠራው። ከጎብኚዎቹ መካከል አንድ አረጋዊ አውሮፓዊ ደግሞ ከሃዲ ነው ብለው ተቃወሙ። ሁለቱ በትሕትና ጥቂት ተከራከሩ። እኔ ምንም አልተናገርሁም፤ ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጀግና ነው ብዬ እንዳልቀበል እነዚያ ሕፃናት ይከለክሉኛል፤ አባቱን ያስገደሉት እነርሱ አልነበሩምና። ከሃዲ ነው ብዬም እንዳልቀበል፣ አባቱን በገንዘብ ያስገደሉ ሰዎች ሕፃኑን ወስደው ስሙንና እምነቱን ሲለውጡ ፈቃዱን የጠየቀው ሰው አልነበረም። አንድ ሰው ያልሰጠውን ቃል አፈረሰ ይባላልን? የአውግስጢኖስ መነኮሳት ልጁን በክፋት አሳደጉት ለማለት አልችልም። ምናልባት ይወዱት ነበረ። ስሕተቱ ያለው፣ በእኔ አስተያየት፣ ያሳደጉት እጆችና አባቱን የገደሉት እጆች የአንድ መንግሥት እጆች በመሆናቸው ላይ ነው። እኔን ወደ ትምህርት ቤት የወሰደኝ አባቴ ነው፤ እጄን ይዞ ነው የወሰደኝ፤ በየክረምቱም መጥቶ ይመልሰኝ ነበረ። በእኔና በዩሱፍ መካከል ያለው ልዩነት ይህ ብቻ ይመስለኛል፤ ይህም ታላቅ ልዩነት ነው።

የዩሱፍ መጨረሻ አጭር ነው። በ1632 መዠመሪያ ላይ ከጎዋ የመጣው የፖርቱጋል ጦር ምሽጉን ከቦ ለመያዝ ሳይችል ተመለሰ። ዩሱፍ ግን ምሽጉን ለዘለቄታው ለመጠበቅ እንደማይችል ዐውቆ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር መድፎቹን ጭኖ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ በባሕር ላይ ፖርቱጋሎችን ሲያጠቃ ኖሮ በ1638 በቀይ ባሕር ሞተ። ፖርቱጋሎች በነሐሴ ወር ወደ ባዶው ምሽግ ተመለሱ። ከበሩ በላይ ያለው የድንጋይ ጽሑፍ በ1635 አዛዥ ሆኖ የተሾመውን ፍራንሲስኮ ደ ሴይሻስን የሚያወድስ ነው፤ ምሽጉን ያደሰ፣ የባሕሩን ዳር ከተሞችም የቀጣ መሆኑን ይናገራል። ሲሾም ዕድሜው ሃያ ሰባት ዓመት እንደ ነበረ መጻፉን አስጐብኚው ሲነግረን አጎቴ «እንግዲያው አንተም ዘጠኝ ዓመት ቀርቶሃል» ብሎ ቀለደብኝ።

አሁን አንባቢው አንድ ነገር እንዲያስተውልልኝ እፈልጋለሁ። 1632 ለእኛም የታወቀ ዓመት ነው። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን እምነት በአደባባይ ተቀብለው፣ ፓትርያርኩ አፎንሶ ሜንዴዝ በ1625 ከገቡ በኋላ ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1632 ግን ንጉሡ ሕዝቡ ወደ ቀድሞው ሃይማኖቱ እንዲመለስ ዐውጀው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ተዉ። ሜንዴዝም ሆነ የዩሱፍ መምህራን መነሻቸው ጎዋ ነበረች። እንዲያውም ጀሮኒሞ ሎቦ የሚባለው ኢየሱሳዊ ካህን በ1624 ወደ ኢትዮጵያ የሚያስገባ መንገድ ለመፈለግ ከሞምባሳ በስተ ሰሜን ወደምትገኘው ወደ ፓቴ ደሴት መጥቶ በጁባ ወንዝ አካባቢ ሞክሮ ሳይሳካለት ተመልሷል። በኋላ የገባው በአፋር የባሕር ዳር በኩል ነው። በሁለቱ አገሮች በአንድ ዓመት ልዩነት የሆነው ነገር በምክር የተያያዘ አይደለም። ሆኖም በጎዋ ተቀምጦ ደብዳቤዎቹን የሚያነበው እንደ ራሴ ሁሉ ሁለቱን ወሬዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ሳያያቸው አልቀረም።

የሚቀጥለው ታላቅ ነገር የዑማን ዐረቦች ከበባ ነው። ይህም ከመጋቢት 1696 እስከ ታኅሣሥ 1698 ድረስ፣ ሠላሳ ሦስት ወር የቆየ ነው። በምሽጉ ውስጥ የነበሩት ፖርቱጋሎች በዐሥር የሚቆጠሩ ብቻ ሲሆኑ፣ ከእነርሱ ጋር የቆሙት አብዛኞቹ የባሕሩ ዳር ሰዎች ነበሩ። ከጥይት ይልቅ በሽታ ፈጃቸው። አዛዦቹ ተራ በተራ ሞቱ። በነሐሴ ወር 1697 አዛዡ በሞተ ጊዜ ምሽጉን ይዞ የጠበቀው ፋዛ ከምትባለው ከተማ የመጣው ቡዋና ዳውድ ነው። እርሱም እስላም ነው። በኢየሱስ ስም የተሰየመውን የፖርቱጋል ምሽግ ከእስላሞች ጦር ሲጠብቅ የነበረ እስላም ማለት ነው! በክፍላችን ታሪክ ስንማር ሁሉን ነገር የክርስቲያንና የእስላም ጦርነት አድርገን ለመጻፍ እንቸኩላለን፤ ፈተና ላይም እንደዚያ መጻፍ ይቀላል። ዳውድ ግን የዑማኖች ወዳጅ ከነበረችው ከፓቴ ጋር ከተማው የቆየ ጠብ ነበራት፤ ቃል ለሰጣቸው ሰዎችም ቃሉን ጠበቀ። ከጎዋ የተላከው እርዳታ በመጨረሻ ሲደርስ ምሽጉ ከተያዘ ጥቂት ቀናት አልፈው ነበረና፣ መርከበኞቹ በግንቡ ላይ የዑማንን ሰንደቅ ዓላማ አይተው ተመለሱ።

በዚያው ከበባ ጊዜ በ1697 «ሳንቶ አንቶኒዮ ደ ታና» የምትባል በህንድ የተሠራች የጦር መርከብ ከምሽጉ ግርጌ ሰጠመች። በ1960ዎቹ ጠላቂ ዋናተኞች አገኟት፤ ከ1977 እስከ 1980ም የኬንያ ቤተ መዘክሮችና የአሜሪካ የባሕር ውስጥ ቁፋሮ ሊቃውንት መረመሯት። ከውስጧ የወጡት ገንቦዎች፣ የቻይና ሸክላዎችና የመርከቡ እንጨቶች በምሽጉ ውስጥ ባለው ቤተ መዘክር ተደርድረዋል። ቁፋሮ በምድር ላይ ብቻ የሚደረግ ሥራ ይመስለኝ ነበረ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ አልፈዋለሁ። ፖርቱጋሎች በ1728 ለአንድ ዓመት ያህል ተመልሰው ነበረ። ከዚያ መዝሩዒ የሚባሉት የዑማን ተወላጆች ገዙት፤ በ1837 የዛንዚባሩ ሰይድ ሰዒድ ወሰደባቸው። የመዝሩዒዎች መቀበያ አዳራሽ ዛሬም ይታያል፤ በምሰሶዎቹ ላይ ባሉት አግዳሚ እንጨቶች የተቀረጸው የዐረብኛ ጽሑፍ እጅግ ያማረ ነው። እንግሊዞች በ1895 አገሩን ሲይዙ ምሽጉን ወህኒ ቤት አደረጉት፤ እስከ 1958 ድረስም ወህኒ ቤት ሆኖ ቆየ። ለጠላት እንዳይከፈት የተሠራ ግንብ፣ ሰው እንዳይወጣበት ለማድረግም ያገለግላል።

በ1958 ምሽጉ ብሔራዊ የታሪክ ስፍራ ተብሎ ከታወጀ በኋላ፣ ጄምስ ኪርክማን የሚባሉት የጥንት ታሪክ መርማሪ ከጉልበንኪያን ድርጅት በተገኘ ገንዘብ የወህኒ ቤቱን ሕንፃዎች እያስነሡ አስቆፈሩት። ቤተ መዘክሩ በ1960 ተከፈተ፤ በ2011 ደግሞ ዩኔስኮ ምሽጉን በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። የቆፋሪዎችን ሥራ ከዚህ በፊት በመጽሐፍ ብቻ ነበረ የማውቀው። መሬቱ እንደ ድርብ እንጀራ ነው፤ ከላይ የእንግሊዞች ወለል፣ ከሥሩ የዐረቦች፣ ከእርሱም ሥር የፖርቱጋሎች። ከሁሉ በታች ዐለቱ አለ። የቤተ ክርስቲያናቸው መሠረት ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ ይታያል። በዐለቱ ውስጥ ተፈልፍሎ ወደ ባሕር የሚወርደውንም ደረጃ ወርጄ አየሁት፤ በከበባ ጊዜ ሰውና ስንቅ ከታንኳ የሚገባው በዚያ ነው።

በምሽጉ ውስጥ ካሉት ነገሮች ሁሉ ከልቤ ያልጠፋው ግን ወርቅም መድፍም አይደለም። በሳን ማቴዎስ የማዕዘን ግንብ ላይ የነበሩ ሥዕሎች ናቸው። ፖርቱጋሎች ወታደሮች ወይም መርከበኞች በከሰልና በቀይ አፈር በግንቡ ላይ የሣሉአቸው ናቸው። ብዙዎቹ መርከቦች ናቸው፤ ሸራቸውና ገመዳቸው ሳይቀር ተሥሏል። ዓሣ አለ፤ እስስት አለ፤ ቤተ ክርስቲያንም አለ። ሣይዎቹ ሠዓሊዎች አልነበሩም፤ እኛ የትምህርት ሰዓት ሲረዝምብን በደብተራችን ጀርባ እንደምንሥለው ያለ ነው። በኦፊሴላዊው ድንጋይ ላይ አዛዡ ስለ ድሉ ሲጽፍ፣ ወታደሩ ግን ወደ አገሩ የሚመልሰውን መርከብ ሥሏል። ድንጋዩን የጠረቡት ሰዎችስ? የመሐንዲሱ ስም ተጽፏል፤ የአዛዦቹ ስም ተጽፏል፤ ያን ቦይ በዚያ ፀሐይ የፈለፈሉት ሰዎች ስም ግን በየትኛውም ሰሌዳ ላይ አላነበብሁም። አስጐብኚው ይህን ስነግረው «አያቶቼ ናቸው» ብሎ መለሰልኝና ወደሚቀጥለው ክፍል አለፈ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አጎቴን ለምኜ ድልድዩን ተሻግረን ወደ ክራፕፍ መታሰቢያ ሄድን። ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ የጀርመን ሚስዮናዊ ሲሆን ከ1839 እስከ 1842 በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን በአንኮበር ተቀምጦ ነበረ። የኦሮሞን ቋንቋ ተምሮ ከወንጌል ተርጕሟል፤ የግዕዝ የብራና መጻሕፍትንም ወደ አውሮፓ ልኳል። ስለ ቤተ ክርስቲያናችን የጻፈው ፍርድ ግን እጅግ ጨካኝ ነው፤ ይህንም ሳልናገር አላልፍም። ከሸዋ ከወጣ በኋላ እንደገና እንዳይገባ ተከለከለ። በዚህ ምክንያት ወደ ኦሮሞ ምድር በደቡብ በኩል ልድረስ ብሎ በ1844 ወደ ሞምባሳ መጣ። በዚያው ዓመት ባለቤቱ ሮዚና በንዳድ ሞተች፤ አራስ ልጃቸውም ከጥቂት ቀናት በኋላ ተከተለቻት። የተቀበሩት ከሞምባሳ ደሴት ባሻገር ባለው ምድር ነው። ክራፕፍ ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤቱን በራባይ አቋቋመ፤ የዩሱፍ አባት በተገደለበት በዚያው ስፍራ ማለት ነው።

ይህች ልጅ መዠመሪያቸው አልነበረችም። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ባልና ሚስቱ ከምጽዋ ወደ ትግራይ ለመግባት ሲጓዙ በሳሆዎች ምድረ በዳ ላይ ሮዚና ያለ ጊዜዋ ወልዳ ነበረ። ልጅቱም ወዲያው ሞተች። አባቷ ያወጣላት ስም በእኛው ቋንቋ ነው፤ እንባ ብሎ ነበረ የጠራት።

ወደ ቤት ስመለስ ለአያቴ ያየሁትን ሁሉ ነገርኋት። ስለ መድፎቹና ስለ ምሽጉ ስናገር ቡናዋን እየቈላች ነበረ፤ ብዙም አልሰማችኝም። ዩሱፍ ሌሊት ወደ አባቱ መቃብር ይሄድ እንደ ነበረ ስነግራት መቁላቱን አቆመች። ስለ ፈረንጁ ልጅ ስም ስነግራት ደግሞ «እንባ» ብላ ለራሷ ደገመችው፤ ጥቂት ቆይታም «በዚያ በረሃ ለማጥመቂያ የሚሆን ውኃ አገኙላትን?» ብላ ጠየቀችኝ።